አንድ ፊት፣ ሠላሳ ቤት

ሮያል ክሬሰንት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በባዝ ከተማ የሚገኝ የሠላሳ ቤቶች ተርታ ነው። ቤቶቹ በኮረብታ ትከሻ ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በግማሽ ሞላላ ቅርጽ ቆመዋል፤ ፊታቸው ሰፊ መስክን ቁልቁል ያያል። ግንባታው በ1767 ተጀምሮ በ1774 ገደማ ተጠናቀቀ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመንገዱ በኩል የሚታየው ገጽ አንድ ወጥ ነው። ታችኛው ወለል ጌጥ የሌለው ልሙጥ ድንጋይ ነው። ከእርሱ በላይ 114 የአዮኒክ ዓምዶች ሁለት ፎቆችን አልፈው ይወጣሉ፤ በዓምዶቹ አናት ላይ የድንጋይ ክፈፍ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይሄዳል። መስኮቶቹ መስመራቸውን አይስቱም፤ በሮቹም ልካቸው አንድ ነው። ከመስኩ ግርጌ ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሠላሳው ቤት አንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት ይመስላል።

በጀርባ በኩል ያለው ነገር ሌላ ነው። አንዱ ቤት ወደ ኋላ ረዝሟል፣ ሌላው አጥሯል፤ አንዱ መስኮቱን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎታል፤ ጣራው ይወጣል፣ ይወርዳል። ተቀጥላ ክፍሎችና ቧንቧዎች እንደየባለቤቱ ፍላጎት ተሰክተዋል። ይህ በቸልታ የመጣ አይደለም። አርክቴክቱ ጆን ዉድ፣ ከአባቱ ለመለየት ልጅየው የሚባለው፣ የነደፈው ፊቱን ነው። ገዢው ከዚያ ፊት የተወሰነ ርዝመት ይገዛና ከኋላው የራሱን ቤት በራሱ አርክቴክት ያሠራ ነበር። ክፍሎቹ ስንት እንደሚሆኑ፣ ደረጃው በየት እንደሚወጣ፣ የእሳት ምድጃው የት እንደሚቀመጥ ማንም አላዘዘውም፤ የታዘዘው ስለ ፊቱ ብቻ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ የቆየ ጥያቄ ይወለዳል። ሠላሳ ቤት ሆኖ ሳለ አንድ ቤተ መንግሥት መስሎ የሚታይ ሕንጻ ይዋሻልን? ድንጋይ ሊዋሽ ይችላልን? ጥያቄውን ብዙዎች በብርቱ ጠይቀውታል፤ ከእነርሱም መካከል ሃይማኖታቸውን ከሕንጻ ጥበብ ለይተው ማየት ያልቻሉ ሰዎች ይበዛሉ። ይህም የሚገርም አይደለም። ፊትና ልብ መለያየታቸው ሃይማኖት አጥብቆ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ወንጌልም ግብዞችን በውጭ በኖራ ከተለሰነ መቃብር ጋር ያመሳስላቸዋል። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ የሚለው የአማርኛ ነቀፋ የተሰነዘረው በሰው ላይ ነው፤ በሕንጻ ላይ ሊሰነዘር ይችል እንደሆነ ግን መመርመር አለበት።

እንግሊዛውያን ይህን የግንባታ ዓይነት በዘመኑ ነገሥታት ስም ይጠሩታል። ከ1714 እስከ 1830 በተከታታይ የነገሡት አራቱም ነገሥታት ጆርጅ ይባሉ ስለነበር ዘመኑ የጆርጆች ዘመን ተባለ። በዚያ ዘመን ከተሞች አደጉ፣ መሬትም ተወደደ። ፊታቸው ጠባብ፣ ቁመታቸው ረጅም የሆኑ ቤቶችን ጎን ለጎን ማያያዝ መሬትንም ድንጋይንም ይቆጥባል። ሥራው የሚንቀሳቀሰው በሊዝ ነበር። ባለመሬቱ መሬቱን አይሸጥም፤ ለረጅም ዘመን፣ ብዙ ጊዜ ለ99 ዓመት ያከራየዋል። ተከራዩ ቤት ይሠራበታል፤ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱም ቤቱም ወደ ባለመሬቱ ይመለሳሉ።

በባዝ በዚህ ዘዴ ከሁሉ አብልጦ የተጠቀመው አባትየው ጆን ዉድ ነው። በ1704 በዚያው በባዝ ከግንበኛ አባት ተወለደ። ከ1728 ጀምሮ ሮበርት ጌይ ከተባለ ባለመሬት ቦታ በሊዝ እየወሰደ ክዊን ስኩዌር የተባለውን አደባባይ መሥራት ጀመረ። የወሰደውን ቦታ ሸንሽኖ ለሌሎች ግንበኞች አከራየ፤ ነገር ግን እርሱ የነደፈውን ፊት እንዳለ እንዲከተሉ በውል አሰራቸው። የአደባባዩ ሰሜናዊ ጎን መካከሉ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር ያለው፣ ዳርና ዳሩም ጎላ ያለ አንድ ቤተ መንግሥት ሆኖ ወጣ። ነገሩ ጨርሶ አዲስ አልነበረም፤ ፓሪስ በ17ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ንጉሣዊ አደባባይዋን በአንድ ወጥ ፊት ሠርታ ነበር፣ ለንደንም በ1630ዎቹ በኮቨንት ጋርደን ሞክራዋለች። ዉድን ልዩ የሚያደርገው የንጉሥ ትእዛዝና የንጉሥ ግምጃ ቤት ሳይኖረው፣ በኪራይ ውልና በብዙ ግንበኞች ትከሻ ይህን ማድረጉ ነው።

ድንጋዩ የዚያው አገር ነው። ከከተማዋ በላይ ካለው ከኮም ዳውን ኮረብታ የሚወጣው የባዝ ድንጋይ ወርቅማ ቀለም ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከመሬት እንደወጣ ለመጋዝ ይለሰልሳል፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። የድንጋይ ማውጫዎቹ ባለቤት ራልፍ አለን ድንጋዩን ከኮረብታው ወደ ወንዙ የሚያወርድ የሐዲድ መንገድ ዘርግቶ ዋጋውን አረከሰው። ይሁንና በድንጋዩ አጠቃቀም እንኳ የፊትና የኋላ ልዩነት አለ። ፊቱ አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጋር ልክ ለልክ እንዲገጥም በጥንቃቄ ተጠርቧል፤ ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ ባልተስተካከለ ድንጋይ ተገንብቷል።

ዉድ ቦታ የሚሸነሽን ነጋዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ። ይህን ሰው ግን አንድ ሃይማኖታዊ ጥያቄ ያስጨንቀው ነበር፤ የግሪኮችና የሮማውያን ዓምድ ለክርስቲያን እንዴት ይገባል? ዶሪክ፣ አዮኒክና ኮሪንቲያን የሚባሉት ሦስቱ የዓምድ ሥርዓቶች የጣዖት መቅደሶች ጌጥ ነበሩ። በ1741 ባሳተመው ‹የግንባታ አመጣጥ› በተሰኘ መጽሐፉ የሰጠው መልስ ደፋር ነው፤ በርዕሱ ላይ ሳይቀር አረማውያንን በስርቆት ይከሳቸዋል። እንደ ዉድ አባባል የግንባታ ሥርዓት መጀመሪያ የተገለጠው ለሙሴ ነው። ደብተራ ኦሪት ስትሠራ ምሰሶው፣ የምሰሶው እግር፣ የአደባባዩ ርዝመትና ወርድ ከእግዚአብሔር ዘንድ ተነገረ፤ ሥርዓቱ በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ፍጹም ሆነ፤ ግሪኮችና ሮማውያን ከዚያ ወስደው የራሳቸው ፈጠራ አስመሰሉት። ኦሪት ዘጸአትን ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያነበበ ሰው ዉድ ምን እንደታየው በቀላሉ ይረዳል፤ በዚያ ክፍል መጋረጃውም ሳንቃውም ምሰሶውም በቁጥርና በክንድ ተለክቶ ይነገራል።

ሐሳቡ ከዉድ በፊትም ወላጆች ነበሩት። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሁዋን ባውቲስታ ቪያልፓንዶ ስለ ሕዝቅኤል ራእይ በጻፈው፣ በ1604 በተጠናቀቀው ትልቅ ሥራ ውስጥ የሰሎሞንን መቅደስ ልክ እንደ ሮማ ሕንጻ ባለ ዓምድ አድርጎ ስሎታል። አይዛክ ኒውተንም ከሞተ በኋላ በ1728 በታተመው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፉ ለሰሎሞን መቅደስ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። ዛሬ የዉድን መደምደሚያ እንደ ታሪክ የሚቀበል ተመራማሪ የለም፤ የግሪክ ዓምድ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በኖሩ ሕዝቦች የረጅም ዘመን የግንባታ ልምድ የዳበረ ነው። ስሕተቱ ግን የሰውየውን ልብ ይገልጣል። ዉድ ያማረ ልክ የማንም ሰው ንብረት እንዳልሆነ ያምን ነበር። ልክ የተሰጠ ነው፤ ግንበኛ ይቀበለዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ለሚቀጥለው ያስተላልፈዋል። እንዲህ ለሚያምን ሰው አንድ ባለቤት የቤቱን ፊት እንደወደደ ቢያደርገው የእርሱ ባልሆነ ነገር ላይ ማዘዙ ነው፤ ክፍሎቹ የባለቤቱ ናቸው፣ ፊቱ ግን መጀመሪያውኑ ከሌላ የመጣ አደራ ነው። የባዝን ቤቶች ለመረዳት ከሊዝ ውሉ ይልቅ ይህ እምነት የሚጠቅም ይመስላል፤ ውሉ እንዴት እንደተሠሩ ይናገራል፣ እምነቱ ለምን እንደዚያ መሆን እንዳለባቸው ይናገራል።

እምነቱ ከሁሉ አጥብቆ የሚነበበው ሰርከስ በተባለው የባዝ አደባባይ ላይ ነው። ሰርከስ 33 ቤቶች ያሉት ፍጹም ክብ ነው፤ በሦስት ቅስቶች ተከፍሏል፣ በመካከላቸውም ሦስት መንገዶች ይገቡበታል። የመጀመሪያው ድንጋይ በ1754 መጀመሪያ ተጣለ፤ ዉድ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሞተ፤ ሥራውን ልጁ ጨረሰው። ሦስቱ ሥርዓቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበዋል፤ ከታች ዶሪክ፣ ከመካከል አዮኒክ፣ ከላይ ኮሪንቲያን፤ ዓምዶቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። ከዶሪኮቹ በላይ በሚዞረው የድንጋይ ቅናት ላይ 525 ምስሎች ተቀርጸዋል። እባብ አለ፣ የመርከብ ዕቃ አለ፣ የጥበባትና የሳይንስ መሣሪያዎች አሉ፣ የፍሪሜሰኖች ምልክቶችም አሉ። በጣራው ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ደግሞ ከድንጋይ የተሠሩ የኦክ ዛፍ ፍሬዎች ናቸው። እነዚህ ፍሬዎች የባዝን መሥራች ትውፊት ያስታውሳሉ። በትውፊቱ መሠረት ብላደድ የተባለ የንጉሥ ልጅ ለምጽ ይዞት ከቤተ መንግሥት ተባረረ፤ አሳማ ጠባቂም ሆነ፤ አሳማዎቹ በፍልውሃው ጭቃ ተንከባልለው ከቆዳ ሕመማቸው ሲድኑ አይቶ እርሱም ታጠበና ዳነ፤ ሲነግሥም ከተማዋን በዚያ ቆረቆረ። ዉድ ይህን ሁሉ እንደ እውነተኛ ታሪክ ይዞት ነበር።

የክቡ ስፋት 318 ጫማ፣ ማለትም 97 ሜትር ገደማ ነው። ዉድ በ1740 ስቶንሄንጅ የሚባለውን ጥንታዊ የድንጋይ ክብ ራሱ ለክቶ መጽሐፍ አሳትሞበታል፤ የሰርከስን ስፋት ከዚያ ልኬት ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ለዉድ የጥንት ብሪታንያ ካህናት የነበሩት ድሩይዶች ጥልቅ ጥበብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ በዚህ አንድ አደባባይ ላይ ኦሪት፣ ሮማና ድሩይድ ተገናኝተዋል፤ አንድ ሰው የሚያምንበትን ሁሉ በድንጋይ ለመጻፍ ሞክሯል ማለት ይቻላል።

በዚያ ክብ ዙሪያ የኖሩት ሰዎች ግን ስለ ደብተራ ኦሪት ብለው አልመጡም። ባዝ የፍልውሃ ከተማ ናት፤ ሮማውያንም ታጥበውባታል። በ18ኛው መቶ ዓመት ሀብታሞች ለጤናም ለጭፈራም ለቁማርም ይጎርፉባት ነበር፤ ብዙዎቹ ክፍል የሚይዙት ለአንድ ወቅት ብቻ ነው። ሰባኪው ጆን ዌስሊ በ1739 በከተማዋ ሲሰብክ የጭፈራው ሥርዓት አለቃ ቦ ናሽ በሕዝብ ፊት ተጋፍጦታል። የቤተ መንግሥት ፊት ያለው ቤት ለጥቂት ወራት ተከራይቶ እንደ መኳንንት መታየት ለብዙዎች የጉዞው ዓላማ ነበር፤ ፊትን የሚጠረጥር ሰው ጥርጣሬው እዚህ ላይ ቢጠናበት አይፈረድበትም።

ወቀሳውም ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ቶቢያስ ስሞሌት በ1771 ባሳተመው ‹ሃምፍሪ ክሊንከር› በተባለ ልቦለድ አንድ ነጭናጫ ገጸ ባሕርይ ሰርከስን ከሮማ አምፊቲያትር ጋር እያነጻጸረ ያጣጥለዋል። ከባዱ ክስ የመጣው ግን በሚቀጥለው መቶ ዓመት ነው። ኦገስተስ ፒዩጂን ካቶሊክ በሆነ በዓመቱ፣ በ1836፣ የመካከለኛውን ዘመን ከተማ ከራሱ ዘመን ከተማ ጋር በሥዕል ያነጻጸረበትን መጽሐፍ አወጣ፤ በ1841 ደግሞ የክርስቲያን ሕንጻ እውነተኛ መርሆዎች ያላቸውን ጻፈ። እንደ እርሱ አባባል ለምቾት፣ ለግንባታ ወይም ለተገቢነት የማያስፈልግ ነገር በሕንጻ ላይ አይገባም፤ ጌጥም የግንባታውን አካል ያስጌጥ እንጂ ከውጭ መጥቶ አይለጠፍ። በዚህ ሚዛን የሮያል ክሬሰንት ዓምዶች ወዲያው ይቀልላሉ፤ ጣራውን የሚሸከመው ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ነውና። ጆን ረስኪን በ1849 ስለ ሕንጻ ጥበብ ሰባት መብራቶች በጻፈው መጽሐፍ አንዱን መብራት ለእውነት ሰጠው። ሦስት ዓይነት ማታለል ቆጠረ፤ ከእውነተኛው የተለየ የሸክም አሠራር ማስመሰል፣ ቀለም ቀብቶ ሌላ ቁስ ማስመሰል፣ በእጅ ያልተሠራን ጌጥ በእጅ የተሠራ ማስመሰል። ለረስኪን ይህ የጣዕም ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ከሐሰት ጋር የሚያለማምድ የነፍስ ጉዳይ ነበር።

ክሱ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም፤ ከአንድ አቅጣጫ ሲታይም ትክክል ነው። ሐሰትን በየቀኑ እያየ የሚያድግ ዓይን ከሐሰት ጋር ይላመዳል። ነገር ግን ረስኪን ራሱ አንድ በር ክፍት ትቷል። በሕንጻ ላይ የወርቅ ቅብ ማታለል አይደለም ይላል፤ ማንም ሕንጻው ጠንካራ ወርቅ ነው ብሎ አያምንምና። በጌጣጌጥ ላይ ግን ማታለል ነው፤ ገዢው ወርቅ መስሎት ይወስደዋልና። እንግዲህ ወሳኙ ነገር ከቁሱ ላይ ወጥቶ በአሳዪውና በተመልካቹ መካከል ወዳለው ግንዛቤ ተሻግሯል ማለት ነው።

ከዚህ ከ1400 ዓመት በላይ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ በ395 አካባቢ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሳን ተመሳሳይ መስመር አስምሮ ነበር። የሚዋሽ ሰው በልቡ አንድ ነገር ይዞ ሌላውን የሚናገር፣ ይህንም ለማታለል ፈልጎ የሚያደርግ ነው። ቀልድን ግን ከውሸት አይቆጥረውም፤ የተናጋሪው ድምፅና ሁኔታ ቀልድ መሆኑን ይገልጣሉ። ይህ ሚዛን በሮያል ክሬሰንት ላይ ቢቀመጥ ውጤቱ ከፒዩጂን ፍርድ ይለያል። ማን ተታለለ? እያንዳንዱ ቤት የራሱ በር አለው፤ በሮቹም በግልጽ ተርታቸውን ይዘው ይታያሉ። ሠላሳ ዋና በር ያለው ቤተ መንግሥት በምድር ላይ የለም። ቤቱን የገዛው ያውቃል፣ የተከራየው ያውቃል፣ በመንገድ የሚያልፈውም ጥቂት እርምጃ ሲራመድ ያውቃል። ጀርባው አልተከለለም፤ ከጓሮው መንገድ ማንም ያየዋል። በልቡ ያለውን የደበቀ የለም፤ ስለዚህ በአውግስጢኖስ ሚዛን ሕንጻው፣ ቢያንስ በዚህ በኩል፣ ከውሸት ነጻ ነው።

ጄፍሪ ስኮት በ1914 ‹የሰብአዊነት ሕንጻ ጥበብ› በተባለ መጽሐፉ ከዚህ አልፎ ሄደ። ሕንጻን በሥነ ምግባር ቃላት መክሰስ የአስተሳሰብ ስሕተት ነው አለ፤ ሕንጻ ለዓይንና ለሰውነት በሚሰጠው ነገር ይመዘናል እንጂ ኃጢአት አይሠራም። ክርክሩ ብዙ ሰዎችን ነጻ አውጥቷል፤ ሆኖም ከመጠን ያለፈ ይመስላል። ክሱን ለማፍረስ ብሎ ችሎቱን ዘጋው። ሕንጻ ሰዎች በሰዎች መካከል የሚሠሩት፣ ለሌሎች ሰዎች ለዘመናት የሚታይ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከመልካምና ከክፉ ውጭ ሊሆን አይችልም። ችግሩ ፒዩጂንና ረስኪን የሥነ ምግባር ጥያቄ መጠየቃቸው ላይ አይደለም። የሕንጻን ፊት እንደ ምስክርነት ቃል መያዛቸው ላይ ነው፤ ከኋላው ስላለው ነገር የሚመሰክር፣ ከእርሱም ጋር ተመሳክሮ እውነት ወይም ሐሰት የሚባል ቃል።

የባዝ ፊት ግን ስለ ኋላው የሚመሰክር አይመስልም፤ ይልቅ ቃል የሚገባ ነው። እዚህ የሚኖሩ ሰዎች፣ ውስጣቸው እንደየፍላጎታቸው ቢሆንም፣ ለመንገዱና ለመስኩ አንድ ሆነው ይታያሉ፤ ማንም ከጎረቤቱ በልጦ ለመታየት ዓምዱን አያስረዝምም፣ ክፈፉን አይቆርጥም። የቃል ኪዳን እውነትነት የሚፈተነው ከተነገረ በኋላ በመጠበቁ ነው። በሊዝ ውሉ ላይ የተጻፈው ግዴታ የዚህ ቃል ኪዳን ሕጋዊ አካል ነበር፤ አባትየው ዉድ በደብተራ ኦሪት ላይ ያየው የተሰጠ ልክ ደግሞ ሃይማኖታዊ ሥሩ ነው። ባለቤቱ ከፊቱ ላይ ፈቃዱን ይተዋል፤ በምላሹ ብቻውን ሊሠራው ከማይችለው ነገር ይካፈላል። መካከለኛው ቤት ጥንድ ዓምድ አለው፣ ግራና ቀኙም በጫፍ ቤቶች ይዘጋል፤ ሌሎቹ ግን ማን የበለጠ ሀብታም እንደሆነ አይናገሩም።

ቃል ኪዳኑ እስከ ምን ድረስ ያስራል የሚለው በ1970ዎቹ ተፈትኗል። አንዲት የሮያል ክሬሰንት ነዋሪ በራቸውን ቢጫ ቀለም ቀቡ፤ በጎረቤቶች ዘንድ የተለመደው ነጭ ነበር። የከተማው ባለሥልጣናት ቀለሙ እንዲነሣ አዘዙ፤ ነዋሪዋ ይግባኝ ብለው አሸነፉ፣ በሩም ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ውሳኔው ትክክል ነበር። የዉድ ፊት የታሰረበት ልክ የዓምዱ፣ የመስኮቱና የክፈፉ ነው፤ በዚያ ውስጥ አንድ በር ቀለሙን ቢለውጥ የጋራው ነገር አይፈርስም። የጋራ ሥርዓት የማይነኩት ነገር የቱ እንደሆነና ለሰው የሚተወው የቱ እንደሆነ ካልለየ፣ ቃል ኪዳን መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ብቻ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የሄደው ስለ ባለቤቶቹና ስለ ጎረቤቶቻቸው ነው። ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ ግን አለ፤ ቃል ኪዳኑ ውስጥ ሳይገቡ ዋጋውን የከፈሉ ሰዎች ተቃውሞ። በእያንዳንዱ ቤት ከመሬት በታች ባለው ምድር ቤት ወጥ ቤት አለ። የድንጋይ ከሰሉ የሚከማቸው ከእግረኛ መንገዱ ሥር በተሠራ ጓዳ ነው። ከላይ፣ ከድንጋዩ አጥር ጀርባ፣ በጣራው ሥር የአገልጋዮች መኝታ አለ። ውሃው፣ ከሰሉ፣ አመዱ፣ የሌሊት ዕቃው ሁሉ በሰው እጅ በደረጃ ይወጣና ይወርድ ነበር። ፊቱ ከዚህ ውስጥ አንዳች አያሳይም። ምድር ቤቱ ከመንገዱ ወለል ዝቅ ብሏል፤ የጣራ ሥር መስኮቶቹም ከታች ቆሞ ለሚያይ በአጥሩ ይከለላሉ። ሠላሳውን በር የቆጠረ ሰው ስንት ቤተሰብ እንዳለ ያውቃል፤ ስንት ሰው እንዳለ ግን አያውቅም። በአውግስጢኖስ ሚዛን እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። የቤቶቹ መለያየት ሳይደበቅ የተተወ ሲሆን፣ የአገልጋዮቹ ሕይወት ግን እንዳይታይ ታስቦ ተደብቋል።

ገንዘቡም እንደዚሁ። በ1720ዎቹ መጨረሻ አባትየውን ዉድ በባዝ ያሠሩት የቻንዶስ መስፍን በባሪያ ንግድ ላይ የተመሠረተው የሮያል አፍሪካን ካምፓኒ ባለ ድርሻ ነበሩ። በ1820ዎቹ ከሮያል ክሬሰንት በላይ ባለው ላንስዳውን ክሬሰንት የሰፈረው ዊልያም ቤክፎርድ ሀብቱን የወረሰው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ከሚያለሙት የጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው። ወንዙን ተከትሎ ቅርብ ያለችው ብሪስቶል የባሪያ ንግድ ወደብ ነበረች። ወደ ባዝ ይጎርፉ ከነበሩት ሀብታሞች የስንቱ ኪስ ከዚህ እንደሞላ በየበሩ አልተጻፈም፤ ምንጩ ግን ይታወቃል። ይህ የዓምዶቹን ልክ አያጣምመውም፤ ፊቱንም ሐሰት ነው አያሰኘውም። የሚያሰኘው ባለ ዕዳ ነው። በኮረብታው ላይ ስምምነትን የሚያሳየው ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ከባሕር ማዶ ባለው እርሻ ላይ ፈቃዳቸው ተገፎ በሚሠሩ ሰዎች ጉልበት ጭምር የተከፈለ ነው። ስለ ሐሰተኛ ዓምድ ይህን ያህል የተቆጡት የ19ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊዎች ቁጣቸውን በዚህ ላይ ቢያሳርፉ ኖሮ ክሳቸው የበለጠ ይከብድ ነበር።

የኢትዮጵያ ታሪክም ባዝን ነክቷል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ተሰደው ከ1936 እስከ 1940 በዚህች ከተማ ኖረዋል። የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፣ በአትክልት ቦታ መካከል ለብቻው የቆመ ቤት ነው፤ በ1958 አረጋውያን እንዲገለገሉበት ለከተማዋ ሰጡት። ቤተ መንግሥት በሚመስሉ ተርታ ቤቶች ውስጥ ነጋዴና ጡረተኛ በሚኖርባት ከተማ፣ እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት የኖሩት ቤተ መንግሥት በማይመስል ቤት ነበር። ፊት ስለ ነዋሪው ማዕረግ ይመሰክራል ብሎ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

እርሳቸው ከወጡ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከሚያዝያ 25 እስከ 27 ቀን 1942፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ባዝን ደበደቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሮያል ክሬሰንት ውስጥ ያሉ ቤቶች ተቃጥለው ባዶ ቀፎ ሆኑ፤ ልጅየው ዉድ የሠራው፣ በ1771 የተከፈተው የመሰብሰቢያ አዳራሽም ተቃጠለ። ከጦርነቱ በኋላ ፊቱ በነበረበት ልክ ተመለሰ፤ ከኋላው ግን ብዙዎቹ ቤቶች ተከፋፍለው አፓርታማ ሆኑ። ቃል ኪዳኑ የገቡት ሰዎች ከሞቱ፣ የሊዙም ዘመን ካለፈ በኋላ ተጠበቀ ማለት ነው፤ ውስጡም እንደ ዱሮው እንደየነዋሪው ተለወጠ።

ከተማዋ ለትላልቆቹ ፊቶች ያሳየችውን ጥንቃቄ ግን ለትንንሾቹ አላሳየችም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሮያል ክሬሰንትና ሰርከስ በጥብቅ ሲጠበቁ፣ በዚያው ዘመንና በዚያው ድንጋይ የተሠሩ የእጅ ባለሙያዎችና የሠራተኞች ተርታ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። አዳም ፈርጉሰን በ1973 ‹የባዝ ዘረፋ› በሚል ርዕስ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በፎቶግራፍ ጭምር አጋለጠ። የፈረሱት ቤቶች ዓምድ አልነበራቸውም፤ ግን እነርሱም ተያይዘው የቆሙ፣ መስኮታቸውን በአንድ መስመር የጠበቁ፣ ከትላልቆቹ ግርጌ ሆነው ከተማዋን አንድ ያደረጉ ነበሩ። ዓምዶቹን የጠረቡት፣ ከሰሉን የተሸከሙት፣ ልብሱን ያጠቡት ሰዎች የኖሩት በእንዲህ ያሉ ቤቶች ነው። ቁጣው ማፍረሱን እንዲገታ ረዳ፤ ዩኔስኮ በ1987 ባዝን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም ዝነኞቹን ሕንጻዎች ለይቶ አልወሰደም፣ የመዘገበው ከተማዋን በሙሉ ነው።